አንቀጽ አርባ በሬጌ ምት

ድንቅቱ ሁንዴ ሩትስ የሚባለው የነባሩ ሬጌ ዘፋኝ ናት። በመልካ ዳባ ከተማ ይህን ሥራ የያዘች እሷ ብቻ ስለሆነች በ2007 ዓ.ም. ዓመታዊ ሪፖርት ላይ «በሬጌ ዘርፍ የሴቶችን ተሳትፎ መቶ በመቶ ማድረስ ተችሏል» ተብሎ ሰፍሯል። መልካ ዳባ ከቡራዩ አልፎ ወደ ገፈርሳ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማ የሆነችው የስሟ ሰሌዳ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ነው።

ድንቅቱ ተወልዳ ያደገችው እዚያው፣ በአባቷ በኦቦ ሁንዴ እርሻ ላይ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቷ አክስቷን ልታስታምም ሻሸመኔ ወረደች። አክስቷ ዳነች፤ ድንቅቱ ግን አልተመለሰችም። የአክስቷ ጎረቤቶች ራስታዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር መዝፈን ጀመረች፣ ሥጋ ተወች፣ ፀጉሯን መቀስ እንዳይነካው ለያህ ተሳለች። ያህ ማለት ራስታዎች ፈጣሪን የሚጠሩበት ስም ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጊታር አንግታ ስትመጣ ተገምዶ ያደገው ፀጉሯ፣ ድሬዱ፣ ወገቧ ላይ ደርሶ ነበር።

ኦቦ ሁንዴ ፀጉሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሥጋ አትበዪ፣ ፀጉር አትቆረጪ። ሐኪም ነው የከለከለሽ?»

«አይ አባ፣ እምነቴ ነው።»

«እሺ። እንግዳ ሲመጣ ሻሽ እሰሪ» አሉና ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

ሥራው ቀስ በቀስ ተገኘ። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረው ኢብሳ ቤዝ ጊታር ይመታላታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የአትክልት መዝናኛ ይጫወታሉ። «ምድሪቱ የያህ ናት» የተባለው ዘፈኗ በኤፍ ኤም ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በአምቦ መስመር የሚሠሩ ሚኒባሶች ሌላ መክፈት ተዉ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ኅዳር 2008 ነበር። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለውን ማስተር ፕላን በመቃወም ከጊንጪ ጀምሮ ተማሪው መንገድ ወጥቷል። በኦቦ ሁንዴ የጤፍ ማሳ ውስጥም ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በቅለው አድረዋል። ማን እንደተከላቸው የጠየቀ ሁሉ «ጥናት ነው» ይባላል።

በዚህ መሀል ድንቅቱ የከተማው የኪነ ጥበብ መልእክት አጣሪ ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ ደብዳቤ ደረሳት። ሰብሳቢው አቶ ገብረየስ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሺወርቅ።

«ያህ የሚባለው ማነው?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«ፈጣሪ ነው።»

«በመሬት መዝገብ አስፈልገን ነበር። በዚህ ስም የተመዘገበ ባለይዞታ የለም።»

«አይኖርም ጌታዬ።»

«ባለሀብት ከሆነም በኢንቨስትመንት በኩል ነው መምጣት ያለበት። በዘፈን መሬት አይወሰድም።»

የሺወርቅ ጻፈች። ቀጥሎ ኮሚቴው ወደ ኮፍያዋ አለፈ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሹራብ ኮፍያ ነው። መሀሉ ላይ የሰንደቅ ዓላማው ዓርማ እንደሌለ ተረጋገጠ። ኮከቡ ቢጠለፍበት ደግሞ ስትጨፍር ዓርማው ይነቃነቃል፤ ይህም ክብሩን ይነካል ተባለ። ከሃምሳ ደቂቃ ውይይት በኋላ ባለ አንድ ቀለም፣ ቢጫ ኮፍያ እንድታደርግ አቅጣጫ ተቀመጠ። ቢጫ ብቻውን ጉዳት አድርሶ አያውቅም።

«መሬት የማን እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ ተደንግጓል» አሉ አቶ ገብረየስ በመጨረሻ። ከመሳቢያቸው ላስቲኩ ያልተቀደደ ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። «ስለ መሬት መዝፈን ካማረሽ አንቀጽ አርባን ዝፈኚ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ሕገ መንግሥቱ ለጸደቀበት ለኅዳር ሃያ ዘጠኝ፣ ለሃያ አንደኛ ዓመቱ በዓል ይድረስ።»

የሺወርቅ ብዕሯን አነሳች። «መጀመሪያ እናንብበው እንዴ?»

«ሕገ መንግሥት ይከበራል እንጂ አይገመገምም» አሉ። ይህም ተጻፈ።

ድንቅቱና ኢብሳ ልምምድ ጀመሩ። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይመታል።

«ይሄ ግጥም አይደለም፣ ደብዳቤ ነው» አለ ኢብሳ። ንዑስ አንቀጽ አራት ላይ ሲደርሱ ግን ጣቱ ክሩ ላይ ቆመ። «እስቲ ድገሚው።»

አርሶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመነቀል መብታቸው የተከበረ ነው ይላል። ደገመችው።

«አባትሽ ይሄን ያውቃሉ?»

ማታ እራት ላይ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ኦቦ ሁንዴ መጉረስ አቆሙ።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«መንግሥት።»

«የትኛው?»

«ይሄኛው አባ። አሁን ያለው።»

ኦቦ ሁንዴ በሩን ገፋ አድርገው ወደ ማሳው አዩ።

በበዓሉ ቀን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ከኋላ ቆሙ፤ ራስታ ስለሆነች የንጉሥ አምላኪ ናት ብለው አያምኗትም። እንግዶቹ ሚሪንዳ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ድንቅቱ ቢጫ ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች። ኢብሳ ቤዙን ቀስ አድርጎ አስገባው፣ እሷም አንቀጽ አርባን ጀመረች። ሦስቱ ንዑሳን አንቀጾች በጨዋ ደንብ አለፉ፤ እንግዶቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አራተኛውን ያዘች። «ያለመነቀል መብታቸው የተከበረ ነው» ስትል ከኋላዋ የቆሙት ሁለት ተቀባዮች «ዝርዝር ሕግ ይወጣል» እያሉ ይመልሳሉ። አንቀጹ የሚለው እንደዚያ ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረም። በሁለተኛው ዙር ከኋላ የቆሙት ወጣቶች እጃቸውን ፈቱ። በሦስተኛው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይቀበሉ ጀመር። በአራተኛው መብራት ጠፋ። በአምስተኛው፣ ያለ ማይክ እየዘፈነች፣ ድንቅቱ የፖሊስ ፒክአፕ ላይ ተጫነች።

«ግጥሙን የጻፉልሽ እነማን ናቸው?» አለ መርማሪው።

«አርቃቂ ኮሚሽኑ።»

«ኮሚሽን አላችሁ ማለት ነው። ስንት ናችሁ?»

«ያጸደቁት ከአምስት መቶ ይበልጣሉ ይባላል።»

መርማሪው ተጨማሪ ወረቀት አስመጣ።

በሦስተኛው ቀን ለንጽሕና ተብሎ ፀጉሯ ተላጨ። እምቢ አላለችም፤ ብትልም የሚሰማት አልነበረም። ወለሉ ላይ የወደቀውን የዓመታት ስለት እያየች፣ ከተያዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ኦቦ ሁንዴ ስንቅ ይዘው መጥተው ሲያዩዋት የበሩን ብረት ያዙ።

«ማን ቁረጡላት አላችሁ?» አሉ ዘበኛውን። «እኔ አባቷ እንኳ አልነካሁባትም።»

ዘበኛው «አንቱ አባቴ፣ ትእዛዝ ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ መቅረቱ በራዲዮ ተነገረ። ድንቅቱም ተፈታች። ያስፈረሟት ወረቀት ስለ ፍቅርም፣ ስለ ያህም፣ ስለ ባቢሎን መውደቅም መዝፈን እንደምትችል ይዘረዝራል። አንቀጽ አርባ ግን በማንኛውም ምት ክልክል ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሰበታ ላይ ተጫወተች። ኮሚቴው እንድትታዘብ የሺወርቅን ላከ። ሰኞ ጠዋት የሺወርቅ ለአቶ ገብረየስ ሪፖርት አቀረበች።

«ዘፋኟ ሕግ አክብራለች። ራሷን ሳትሸፍን ወጥታ ሁለት የፍቅር ዘፈን ዘፈነች። ከዚያ ዓይነ ስውሩ የዚያን የተከለከለውን ዘፈን ቤዝ ብቻውን መታ።»

«እሷስ?»

«አፏን ዘግታ ቆመች። የዘፈነው ታዳሚው ነው። ከአስተናጋጆቹ ጀምሮ ሁሉም በቃሉ ይዞታል።»

«ስንት ይሆናል ሰዉ?»

«ሦስት መቶ። ያለን መኪና አንድ ነው፤ እሱም ጋራዥ ገብቷል።»

አቶ ገብረየስ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «አንቺስ ዘፍነሻል?»

«እንዳልለይ ብዬ ነው» አለች የሺወርቅ።

«ምንድነው ቆይ ይህን ሁሉ ሰው የሚያስጮኸው? እስቲ በዪልኝ።»

የሺወርቅ በሩን ዘጋችና ንዑስ አንቀጽ አራትን፣ ያለ ዜማ፣ ቀስ ብላ አለችላቸው። አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ይላል እንዴ?»

«ይላል።»

«መቼ ነው የተጨመረው?»

«ከሃያ አንድ ዓመት በፊት።»