የ‹እንኳን› ፎልደር

ኢንቦክሱን ያጸዳ ሰው ፊት ላይ ያለውን ኩራት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ የጠረገ ሰው እንዲያ አይንቀባረርም። እኔ ያንን ኩራት ቀምሼዋለሁ። ሦስት ሺህ ያልተከፈተ መልእክት ተሸክሜ ስኖር ኖሬ፣ ኢሜይሌ ውስጥ ፊልተር የሚባል መልእክት መለያ እንዳለ ያገኘሁት ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የመንገድ ቁፋሮውን ዕድሜ ይስጠውና፣ ጊዜ ሞልቶኝ ነበር።

ማስታወቂያውን ወደ አንዱ ፎልደር፣ የመብራት ቢሉን ወደ ሌላው ሰደድኩ። የቀረኝ የመረዳጃ ማኅበራችን ነው። ሽማግሌዎቻችን ቴሌግራምን የልጆች ነገር ስለሚሉት ሁሉም በኢሜይል ነው የሚሆነው። ስካርቦሮ ሰፈር አንድ ልጅ ከተመረቀ ሰባ ሰው፣ ለሁሉም በሚደርስ አድራሻ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። አባትየው ደግሞ ለሰባውም አንድ በአንድ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብሎ ይመልሳል። የዘመን መለወጫውንማ አታንሱብኝ! ስለዚህ «እንኳን» የሚል ቃል ያለበት መልእክት ሁሉ፣ እንደተነበበ ተቆጥሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ለብቻው ፎልደር ይግባ ብዬ አዘዝኩ። እፎይ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዘዜንም ረሳሁት።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ ሜሮን ሴት ልጅ ወለደች። በደስታ ሰክሬ ምሥራቹን ለማኅበሩ ጻፍኩ፤ አራሷ እንድትተኛም «እባካችሁ አትደውሉ፣ በኢሜይል ብቻ» ብዬ ጨመርኩበት። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን። አራት ቀን። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

«ሰንድ ማድረግህን ሹር ነህ?» አለችኝ ሜሮን።

«አድርጌያለሁ ስልሽ!»

«ታዲያ እኛ የማንን ልጅ ሳንመርቅ ቀርተን ነው?» ብላ እንባዋ መጣ።

ከማኅበሩ የመውጫ ደብዳቤዬን መጻፍ ጀመርኩ። መቼም ሰው ሲናደድ የሚመጣለት አማርኛ ልዩ ነው፤ ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በራችን ተንኳኳ። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ዘነበች የገንፎ ድስት እንደታቀፉ እልልታውን አቀለጡት።

«እትዬ፣ እኛ እኮ የረሳችሁን መስሎን…»

«ምን ማለትህ ነው? ስንት ቀን በኢሜይል ጨቀጨቅንህ! መቼ እንምጣ ብሎ ያልጠየቀህ የለም። አንተ ጭጭ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። ፎልደሩን ስከፍተው፣ ከቆየው ሁሉ በላይ የዚያ ሳምንት ብቻ መቶ አሥራ አንድ መልእክት ተኮልኩሏል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከዳር እስከ ዳር። ሜሮን ስልኩን ነጥቃኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጮክ ብላ ታነበው ጀመር። አፈርኩ። ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አፍሬ አላውቅም።

«መልስ ስታጡ ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልኳቸው።

«ዝም ካለ እንደተመቻችሁ ኑ ማለቱ ነው ተባለ። ሁሉም ደግሞ የተመቸው ዛሬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር ድስትና ሰሃን የያዘ ሰው ይወጣል። ሶፋው ሞላ፣ አልጋው ሞላ፣ ምንጣፉም ሞላ። ወንበር ልዋስ ብዬ ጎረቤት ሳንኳኳ፣ ፓኪስታናዊቷ ጎረቤታችን ግርግሩን አንገቷን አውጥታ አየችና፣

«ሠርግ ነው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፣ «ኢሜይል ነው። አሁን ገና መድረሱ ነው።»