ከሦስተኛው ብረት ያላለፈ ሰው

በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት መቼም ለደግ አይመጣም፤ ወይ መርዶ ነው፣ ወይ ስሞታ። እኔ ስሞታ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ መኮንን የሠርግ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ልምምዱ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጥ ኖሯል። ስለዚህ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታምራት ከሁለት ሴቶች ጋር በሬ ላይ አቀርቅረው ቆመው ባይ፣ ቀድሜ፣ «እሱ እኮ አዳማ ለሠርግ ሄዷል፤ ዛሬስ ማንንም አልረበሸም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሽ ታምራት እንዲህ ያለ ጠበቃ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። የመኮንን ልብ አዳማ ላይ ድንገት ቆሞ ኖሯል።

እኔ ጥቁር ለበስኩ። ጊታሩንም ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጥቁር ጨርቅ አለበስኩት። ምን ይደንቃል? መኮንን ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር ታቅፎ የኖረው።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ዘመዶች ጥቁሬን ሲያስወልቁኝ፣ ልጄ ሜሮን የጊታሩንም ገፈፈችና መጫወት እማራለሁ አለች። ስትነካው ግን ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ጢዝ አለ። ይዘነው ካራ ሰፈር ሄድን፤ ከአናጢነት ወደ ጊታር ጥገና የተሻገሩት ሽማግሌ ጋሽ ደበላ ዘንድ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አዩት። ፍሬቶቹ ተበልተው ጎድጉደዋል አሉ፤ አንገቱ ላይ በአግድም የተሰደሩት ቀጫጭን ብረቶች ማለታቸው ነው። ወይ ሁሉንም በሞረድ ማስተካከል፣ ወይ ነቅሎ በአዲስ መተካት።

ወይ ጉድ! እነዚያ ጎድጓዳዎች እኮ የመኮንን ጣት ናቸው። ስንት ዓመት የቆፈራቸውን በአንድ ከሰዓት ላስጠፋ? «አይነኩም!» አልኩ። ሜሮን፣ «እማዬ፣ እንግዲያው ሙዚየም ክፈቺና እኔ በር ላይ ቲኬት ልቁረጥ» አለችኝ። አፏ ቁርጥ የአባቷ ነው። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ሁለታችንም የፈለግነው እሱን ነው፤ እኔ ላየው፣ እሷ ልትሰማው። «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ መሐል ጋሽ ደበላ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ከሦስተኛው ብረት አልፎ አያውቅም እንዴ? ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት እኮ ገና ሙሽራ ናቸው!»

አቤት የሳቅኩት ሳቅ! ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ። መኮንን እኮ በየቅዳሜው እንጦጦ እንውጣ ብሎ ይቀሰቅሰኝና ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል። «ከተማዋ ከዚህም ትታያለች፤ ላይ ወጥተን ሌላ ከተማ ልናይ ነው?» ይላል። እኔ ሞኟ ጉልበቱን አሞት መስሎኝ ቅባት ሳሸው ኖርኩ። ለካ ጠባዩ ነው!

ሳቁ ውሳኔውን ይዞት መጣ፤ ሦስቱ ብቻ ይተኩ፣ የተነቀሉት ለእኔ። አሁን በመሐረብ ተጠቅልለው ከጋብቻ ቀለበቱ ጋር ተቀምጠዋል። ሜሮን ደግሞ አባቷ ያልረገጠው አገር ገብታለች፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ናት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ታምራትና እነዚያው ሴቶች ማልደው በሬን አንኳኩ። «ደግሞ የማን መርዶ ነው?» ብዬ ከፈትኩ። «ኧረ ልጅቷን ትንሽ ቀስ አድርጊ በያት» ጋሽ ታምራት ሲሉኝ ግን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው። ስሞታ አቅርቦ እንዲህ የተሳመ የእድር ዳኛ በየካ ያለ አይመስለኝም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። መንግሥተ ሰማያት ዳገት ላይ ከሆነች ደግሞ አደራ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ጸልዩለት፤ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ «ከዚህም ትታያለች» ብሎ እንዳይቀመጥ።