ጋሽ አፍንጫ ዕቃ ሲያሸቱ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማንም ሳይሾመው፣ ማንም ሳይለምነው፣ የሰው ቤት ተቆጣጣሪ የሚሆን። አንዱ ሰፈር የልጅ አስተዳደግ አዋቂ አለ፤ ሌላው ጋ ማን አምሽቶ እንደገባ በመስኮት የሚጠብቅ አለ። ከእንዲህ ያለ ሰው ያመለጠ ሰፈር ካለ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ ልሂድ። ግን እንጃ፣ ብሄድም የምቆይ አይመስለኝም።

የኛ ሰፈር ተቆጣጣሪ ባለወተቱ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ብቻ ሁላችንም ከጀርባቸው «ጋሽ አፍንጫ» እንላቸው ነበር። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ናቸው፤ ከወገብ ጎንበስ ተብሎ።

ያኔ ወተት በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ አይገዛም። የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት «ታዲያ ከየት ይመጣ ነበር?» ብላ ታፈጥብኛለች፤ ላሚቱ ራሷ በር የምታንኳኳ መስሏት መሰለኝ። በብስክሌት ነበር የሚመጣው። ጋሽ አፍንጫ ከከተማው ጫፍ፣ ከባለላሞቹ ግቢ ጎህ ሲቀድ ተረክበው፣ ጣሳዎቹን ከብስክሌቱ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ይመጣሉ። መንገዳችን ድንጋይ በድንጋይ ስለነበር ጣሳዎቹ እየተጋጩ ሲንኳኩ ከሩቅ ይሰማሉ። ያን ድምፅ የሰማች ሴት ሁሉ ከአልጋዋ ትዘላለች። ወተቱ እንዳያመልጣት አይደለም፤ ዕቃዋን ደግማ ልታጥብ ነው።

ጋሽ አፍንጫ ዕቃ ሳያሸቱ አይቀዱማ!

ነገሩ ሥርዓት ነበረው። ብስክሌቱን አጥር ላይ ያስደግፋሉ። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጆግሽን በሁለት እጃቸው ይቀበሉሻል። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ያንን እግዜር አትርፎ የሰጣቸውን አፍንጫ ወደ ውስጥ ይልኩታል። አንቺ ትንፋሽሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ፤ ጎረቤትሽም በራሷ በር ላይ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች። «ንጹሕ ነው» ካሉ ተገላገልሽ። ካልሆነ ግን «መልሺና እጠቢ!» ነው፤ እሱም ቀስ ተብሎ አይባልም፤ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል።

«ከኔ እጅ ደህና ወጥቶ አንቺ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲሞት፣ ተወቃሹ እኔ ነኝ! መልሺና እጠቢ!»

አንድ ቀን አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኩሩ ሴት ነበሩ፣ ራሳቸው ይዘው ወጡ። ጋሽ አፍንጫ አሸተቱ፤ ጆጉን መለሱ።

«የኔ ዕቃ ነው የሚሸተው?» አሉ አማቴ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«ዕቃውስ ደህና ነበር፣ እማማ። ያጠባችሁበት ጨርቅ ነው። ትናንት ሽንኩርት የተቆረጠበት ጠረጴዛ ተጠርጎበታል።»

እውነት ነበር። የጠረግኩት እኔ ነኝ። አማቴ ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ ዋሉ፤ እኔንም ሳምንቱን ሙሉ በዐይናቸው ሲገርፉኝ ሰነበቱ።

ማዶ ቤት አዲስ ሙሽራ የገባች ጊዜ ደግሞ፣ ልጅቱ ሰው አየኝ ብላ አዲሱን ጆጓን ጥሩ መዓዛ ባለው ሳሙና አሽታ አጥባው ወጣች። «ይኸ ሽቶ ቤት ነው ወይስ ወተት የሚጠጣበት ቤት?» ብለው ጮሁባት። ሙሽራዋ በር ዘግታ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ሄዳ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ሰደቡሽ ማለት አሁን የሰፈሩ ሰው ሆንሽ ማለት ነው» ብላ አባበለቻት።

ይቺ ልብስ ሰፊ ብቻ ነበረች አፍ የምትመልስላቸው።

«ጋሼ፣ እንዲያው ባለቤትዎን ሲያገቡም እንዲህ አሽትተው ነው?»

«እንዴታ! ንጹሕ ነበረች!»

እንዲህ ስንሰደብ፣ ስንስቅ፣ ስንፈራ ዓመታቱ ሄዱ። ልጆቻችን በዚያ ወተት አደጉ። ሆዱን የታመመ ልጅ አላስታውስም፤ ይህን ግን ያኔ ማን ልብ ይላል? የምናስበው ስድቡን ነው።

አንድ ክረምት ጋሽ አፍንጫን ከባድ ጉንፋን ጣላቸው። ሰንብተው ተነሱ፤ ኮታቸው ሰፍቷቸው፣ ብስክሌቱን እየገፉ መጡ። እኔ ደግሞ ያን ጠዋት ጉድ ሆኛለሁ። ልጄ ጆጉ ነጭ ይሁንልሽ ብላ ማታ በበረኪና ዘፍዝፋው አድራ፣ ሳታለቀልቀው ትምህርት ቤት ሄዳለች። ያወቅኩት በር ላይ ደርሼ፣ ሽታው ዐይኔን ሲያስነባኝ ነው። መመለስም አልቻልኩም፤ ጆጉ እጃቸው ገብቷል። አለቀልኝ አልኩ። ዛሬስ ከሰፈር ያስወጡኛል።

ጋሽ አፍንጫ ዐይናቸውን ጨፈኑ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«ንጹሕ ነው» አሉና ቀዱልኝ።

መሰደብ እንዲህ እንደሚያምረኝ አላውቅም ነበር። ወተቱን ጓሮ ወስጄ ደፋሁት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ያፈላሁት ወተት እሳት ላይ ተቆራረጠብኝ፤ ውሃው ለብቻ፣ ጓሉ ለብቻ። የኔ ዕቃ ነው ብዬ ሳንጎራጉር ልብስ ሰፊዋ ድስቷን ይዛ ከተፍ አለች።

«አንቺም ጋ?»

«እኔም ጋ።»

ተያየን። ጋሽ አፍንጫ ከባለላሞቹ ሲረከቡም እያንዳንዱን ጣሳ አሽትተው፣ ያደረውን መልሰው ነበር የሚመጡት። የተበላሸ ወተት በርሳቸው እጅ ሰፈራችን ገብቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው እኔ ቤት መጡ። ልብስ ሰፊዋም ነበረች። ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደነገሩ ተቀመጡ፤ መቀነታቸውን ሲፈቱና ሲያስሩ ቆዩ።

«ከዚያ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫው ሞቷል» አሉ። «ምንም አይለይም። ድስት አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ለኔም አልነገረኝ፤ እኔው ነኝ የደረስኩበት።»

«ሐኪምስ?» አልኩ።

«ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አሉት። ባለላሞቹ አንድ ቅሬታ ከሰሙ ሥራውን ይቀሙታል። ሞተር ያለው ጎረምሳ አዘጋጅተው ቆመዋል። እሱ ደግሞ ቤት መዋል አይችልም፣ እህቶቼ። የሰው ዕቃ ሳያሸት፣ ሰው ላይ ሳይጮህ ከዋለ ይሞትብኛል።»

ልብስ ሰፊዋ «ይህ ሁሉ ዓመት ሰድበውኝ ሰድበውኝ አሁን ሊያመልጡኝ? አይሆንም!» አለች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ተማከርን። ባለቤታቸው «ሐኪም በእግር ሂጂ ብሎኛል» ብለው ጠዋት ጠዋት አብረዋቸው ወደ ባለላሞቹ ሊሄዱና ወተቱን ሳያስነቁ በባላቸው ፈንታ ሊያሸቱ፤ እኛ ደግሞ ዕቃችንን ሊሸት በማይችል መንገድ ልናጥብ። እውነቴን ነው፣ የሰፈራችን ጆግ እንደዚያን ጊዜ ጸድቶ አያውቅም። በፈላ ውሃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ፀሐይ እናስመታዋለን፣ እርስ በርሳችን አሽትተን እንተላለፈዋለን።

ያላሰብነው ነገር መጣ። ጋሽ አፍንጫ «ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው» እያሉ መንገዱን ጨርሰው ሲሄዱ ሰፈሩ ጭር አለ። ድምፃቸው ቀነሰ። ትከሻቸው ወደቀ። አንድ ጠዋት «ሁላችሁም እንዲህ ንጹሕ ሆናችሁ?» ብለው ጆጉን ይዘው በጥርጣሬ አዩኝ።

ልብስ ሰፊዋ መላ አታጣም። «እንግዲህ የመሰደብ ተራ እንግባ» አለች።

ገባን። ተረኛዋ በር ላይ ትወጣና ፊቷን ጨምደድ፣ ጆጉን ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጋ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ተቻኩዬ በደንብ አላጠብኩትም መሰለኝ…» ትላለች። እሳቸው ተቀብለው ያሸታሉ። ከዚያ ያ ድምፅ ይነሳል። «መሰለኝ? መሰለኝ ትያለሽ ደግሞ? ጎረቤቱ ሁሉ ሸቶታል! መልሺና እጠቢ!» እኛም በየበራችን ቆመን እፎይ እንላለን። ሙሽራዋ ተራዋ ሲደርስ እንደ ድሮው እንባዋን አፈሰሰችው።

«አልቅሺ ያለሽ ማነው?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ በኋላ።

«ሳላስበው መጣብኝ» አለች። «እውነት እውነት መሰለኝ።»

ያውቁ ነበር ወይ? ይህን ስንት ጊዜ አሰብኩት። ድሮ ሲያሸቱ ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር አላልኳችሁም? ተራ በገባንበት ጊዜ ግን መጨፈን ትተው ነበር። አፍንጫቸውን ጆጉ ውስጥ ከተው፣ ከጆጉ አፍ በላይ እኛን ነበር የሚያዩት። ፊታችን ላይ የተጻፈውን አይተው ይፈርዳሉ። እኔ አየሁ፤ ልብስ ሰፊዋም አየች። ማናችንም አልተናገርን፤ እሳቸውም አልተናገሩ።

ከባለላሞቹ ጠበቅናቸው። ከላስቲኩ ግን ማን ይጠብቃቸው? የታሸገው ወተት ሱቅ ገባ፤ ቀዝቃዛ፣ አይበላሽ፣ ማንም ዕቃሽን አያሸትብሽ። መጀመሪያ ከላይ ያሉት ቤቶች ተዉ። ከዚያ ሙሽራዋ፣ ያኔማ የልጆች እናት ሆናለች፣ ማቀዝቀዣ ገዛችና አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ…» አለቻቸው። «ደግ አደረግሽ» አሏት፤ አልጮሁባትም። ባለላሞቹ ላሞቹን ሸጠው ግቢውን ለቤት ሠሪ ለቀቁ። እኔና ልብስ ሰፊዋ ጆጋችንን አጥበን በር ላይ የወጣንበት የመጨረሻው ጠዋት፣ ጣሳዎቹ ሳይንኳኩ ረፈደ።

ሰንብቼ፣ በጋ ላይ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እቤታቸው የሄድኩት ለቀብራቸው ነውና ያቺን ከሰዓት በኋላ ጠበቅ አድርጌ ይዣታለሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ፣ ሌላም ነገር ስላጣሁ፣ ከሱቅ ወተት ይዤ ነበር። ባለቤታቸው አሙቀው በብርጭቆ ሰጧቸውና ወደ ማድ ቤት ተመለሱ። ጋሽ አፍንጫ ብርጭቆውን እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቆዩ። ቀጥለው ከዚያ ትልቅ አፋቸው ወጥቶ ሰምቼው በማላውቀው ትንሽ ድምፅ፣

«ምን ይሸታል?» አሉኝ።

ወደ ማድ ቤቱ በር ዞር ብዬ አየሁ።

«ንገሪኝ። መቼም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም፤ ውሃ እንኳ ከሱ ይሻላል። ይህን ለኚህ ሰው እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ስለዚህ የሱቁን ትቼ የድሮውን ነገርኳቸው። የጣሳው ክዳን ሲነሳ የሚወጣውን ሙቀት፣ እርጥብ ሣር ሣር የሚለውን፣ ከስር ያለችውን የላሚቱን ገላ ሽታ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲሰሙኝ ቆዩና በድንገት ቀና አሉ።

«ምን እርጥብ ሣር ትይኛለሽ! በበጋ እርጥብ ሣር ከየት ይመጣል? የበጋው ድርቆሽ ነው የሚሸተው፤ መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል። ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠጪ አፍንጫሽን የት አስቀምጠሽ ነበር?»

ጮሁ። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ዞሮ አየ። ባለቤታቸው ማድ ቤት ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።

«እሺ፣ የክረምቱስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ።