የአቶ ጉዲሳ ስንብት ከነግልባጩ

ሮቤ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ሰው በመሸኘት ረገድ አቻ እንደማይገኝለት በታላቅ ኩራት እገልጻለሁ። የመዝገብ ቤቱ ጉዲሳ ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ጎሮ ለመዛወር ስድስት ዓመት አመልክቶ ሲፈቀድለት፣ ኃላፊያችን ወይዘሮ እታለማሁ ጠሩኝ።

«ልብ የሚነካ የስንብት መልእክት ጻፍ። የጎሮው ቢሮም በግልባጭ እንዲያውቀው ይሁን።»

እኔን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከድንኳን ድንኳን እየዞርኩ የለመድኩ ሰው ነኝ። ለሕያው ጽፌ አላውቅም፤ ልዩነቱም ብዙ አልመሰለኝም።

«ባልደረባችን አቶ ጉዲሳ በድንገት ከመካከላችን ቢለዩም ደግ ሥራቸው ሕያው ነው። መቼም አንረሳቸውም።»

ስድስት ዓመት ያመለከተ ሰው «በድንገት» የተባለው ደንቡ ስለሆነ ነው።

ሲነበብ ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። በመስኮት ባለጉዳይ የሚያስተናግደውን ሳሚን ደግፈው አስቀመጡት። ጉዲሳ ራሱ አለቀሰ።

«እንዲህ ትወዱኝ ነበር እንዴ?»

ሁላችንም ፈረምን፤ ማኅተምም ተመታ።

ግልባጩ ቀድሞት ጎሮ ገባ። ጉዲሳ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሚስቱ ጁሀራ አይታው ጮኸች።

«ያ ረቢ! ሞትክ አይደል እንዴ?»

«ማን አለ?»

«መሥሪያ ቤትህ! በማኅተም!»

የጎሮው ቢሮም በሕግ የሚሠራ ነውና ሟች አልቀበልም አለ። «በሕይወት ስለመኖርዎ ከሮቤ ደብዳቤ ያምጡ። እስከ ዓርብ ካልመጣ መደቡ ለሌላ ይሰጣል።»

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ከሸኘነው ገና ሳምንት አልሞላም።

«ስም?» አለው ሳሚ ቀና ሳይል።

«ሳሚ፣ እኔ ነኝ እንጂ! ጉዲሳ!»

«የትኛው ጉዲሳ? ወረፋ ይያዙ፣ አባቴ።»

እኔም ፊቱን የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ።

እንደምንም ወይዘሮ እታለማሁ ዘንድ ገባ።

«እዚህ ይሠሩ እንደነበር ማስረጃ አለዎት?»

ጉዲሳ ከደረት ኪሱ የእኛኑ ስንብት አውጥቶ ሰጣቸው። እስከ ገዛ ፊርማቸው ድረስ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«እንዴት ያለ ሰው አጥተናል!» አሉት። «ለመሆኑ እርስዎ ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»