ክብርት የሰላምታ ሚኒስትር በእግር ጉዞ ላይ

ሰላምታዋ ከመንገዱ የሚረዝም ሴት በየቤተሰቡ ቢያንስ አንዲት አትጠፋም። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ የዳቦ ጋጋሪውን የልጅነት ታሪክ ይዛ የምትመለስ፣ ዳቦውን ግን የምትረሳ። እናንተ ቤት ከሌለች ጎረቤት አለች፤ ስለ እናንተም ሁሉንም ታውቃለች። የእኔዋ ግን ተራ ሰው አይደለችም። የእኔዋ ክብርት የሰላምታ ሚኒስትር ናት። ሹመቱን የሰጠኋት እኔ ባሏ ነኝ።

እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋይል ጋር ኖሬያለሁ፤ ፋይል ደግሞ "እንዴት አደርክ" አይልም። ከሥራው የምወደው አንድ ነገር ቢኖር የተገነጣጠሉ መዝገቦችን መጠረዝ ነው። መርፌ፣ ክር፣ ሙጫ፣ ካርቶን፤ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። እናም ባለፈው ወር መጽሐፍ ጠራዥ ልሆን ብዬ፣ ለሚስቴ ትንፍሽ ሳልል፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። አለቃዬ አነበበውና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ከፈቃድ እስክትመለስ እዚህ ይቆይ። አንተ መጀመሪያ ከባለቤትህ ጋር ተማከር" አለኝ።

ጉዞውን ያቀድኩት ለዚህ ነው። ሃያ አራት ቀን በእግር፣ ድንኳንና ቀለብ በጀርባ፣ ከተራራ ወደ ተራራ፣ ሁለታችን ብቻ! በሃያ አራት ቀን ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አያቅተኝም ብዬ ነበር። ወይ የዋህነት!

መነሻው ላይ ካርታ የሚያድል ዘበኛ ነበር። ክብርነታቸው "አንድ ጥያቄ ብቻ!" ብለው ጀመሩ። የሚስቴ አንድ ጥያቄ መንታ መንታ ነው የምትወልደው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስንለያይ የዘበኛው አማት በምን እንደተቀየሙት፣ እርቁን ማን እንዳበላሸው እኔ ሳልቀር አውቄ ነበር። መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ግን አልጠየቅነውም።

የዕለት ኑሯችን ይህን ይመስላል። ጠዋት እኔ ድንኳኑን አጣጥፋለሁ፣ እሷ ምድጃውንና ድስቱን ትሸክፋለች። ሻንጣችንን አዝለን ሽቅብ። ዳገት ላይ ጤነኛ ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል፤ የእኔዋ ታወራለች። ከፊታችን ሰው ብቅ ካለማ ጉልበቷ ይታደሳል፤ አሁን "እግሬ አለቀ" ያለችው ሴትዮ ሮጣ ትደርስበታለች። ማታ የምንበላው ያው ፓስታ፣ የምንሰማው ግን በየቀኑ አዲስ የሰው ታሪክ ነው።

በሦስተኛው ቀን አፋፉ ላይ ማንም አልነበረም። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

"ስሚኝማ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር…"

"ውይ! ያቺ ቀይ ኮፍያ ያደረገችው እያነከሰች ነው!" ብላኝ ሄደች።

ሴትዮዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች። ውሃ ስለ ቋጠረ ተረከዟ ለአንድ ሰዓት ተመካከሩ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብስኩት ጨረስኩ።

በማግስቱ የእግረኞች ማረፊያ ቤት ገባን፤ ተደራራቢ አልጋ በግራና በቀኝ፣ መሃል ላይ ገመድ፣ ገመዱ ሙሉ ካልሲ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለን በሹክሹክታ ልጀምር ስል፣ ከታችኛው አልጋ አንድ የማላውቀው ሰው "ትንሽ ጮክ በል ወንድሜ፣ አልተሰማኝም" አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በአምስተኛው ቀን ቧንቧ ጋ አንድ ጢማም ሰውዬ ውሃ ሲቀዳ አገኘሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር እንዴት ይቀላል! ልለማመድ ብዬ ደብዳቤውን፣ ጥረዛውን፣ ፍርሃቴን ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ራሱን ነቀነቀና እቃውን ይዞ ሄደ። እንዲህ ያለ ቁምነገረኛ፣ ምስጢር ጠባቂ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ በኋላ ግን የመንገዱ ሰው ጠባዩ ተለወጠብኝ። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ "አይዞህ!" ይላል። አንዲት አሮጊት እጄን ገልብጠው አዩና "ጥሩ እጅ ነው የኔ ልጅ" ብለውኝ አለፉ። እንዲህ የምታወራ ሚስት ስላለችኝ አዝነውልኝ ነው አልኩ። ትንሽም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሃያ ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከነገ ወዲያ ቢሮ ነው፣ መሳቢያው ይከፈታል። መንገዱ ጉም ለብሷል፣ ያካፋል፣ የሰው ዘር የለም። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

"ከሥራ መልቀቂያ አስገብቻለሁ" አልኩ በአንድ ትንፋሽ። "መጽሐፍ ጠራዥ ልሆን ነው የምፈልገው። ሳልነግርሽ ነው ያደረግኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

የሻንጣዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ።

"እሰይ! ወጣልህ?" አለች። "ልትታመምብኝ ነበር እኮ!"

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ። ለጢማሙ ሰውዬ ነግረኸው የለ?"

"እሱ እኮ ዝምተኛ ነው!"

"ያ ሰውዬ? አፉን ማን ይይዝለት!"

"ታዲያ አንቺ ለምን ዝም አልሽ?"

"ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ። ደግሞ ዝም አላልኩም፣ ሰው ሳማክር ነበር።" ከዝናብ ልብሷ ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። "ሠላሳ አንድ ድምፅ ተሰብስቧል። ሃያ ዘጠኙ ይልቀቅ ብለዋል። ሰባቱ የሚጠረዝ መጽሐፍ አላቸው፣ አድራሻቸው ይኸው። አዋላጇ ብቻዋን አራት አላት።"

ሰባት ደንበኛ! ገና ሱቅ ሳልከፍት!

"ሁለቱስ ምን አሉ?"

"አንዱ ተዪው፣ የተጣላው ከራሱ ጋር ነው አለኝ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛዋ እኔ ነኝ" አለችና ድምጿ ዝቅ አለ። "አብዷል አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዘውን እንጀራ! ለኔ ሳይነግር! አንድ ቀን ሙሉ ጥዬህ ስሄድ አላየህም?"

"ከፊት ያለውን ሰው ሰላም ልትዪ የቸኮልሽ መስሎኝ…"

"ተናድጄ ነው ባክህ። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ድንኳኑ ተቀደደ። ቁጭ ብለህ ስትሰፋው ታፏጭ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬህ ስኖር ስታፏጭ ሰምቼህ አላውቅም። ያን ቀን ድምፄን ቀየርኩ። አሁን ይልቀቅ ያልነው ሠላሳ ነን፣ ቁጠረን።"

ማፏጨቴን እኔ ራሴ አላወቅኩም። ዓለምን ሁሉ ስታዳምጥ እኔን የማትሰማኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከሁሉ በፊት የምትሰማው እኔን ኖሯል። ወደድኳት። ጉሙ መሃል፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ እንደ አዲስ ወደድኳት። ላቅፋት ስል ሻንጣዎቻችን ከበዱንና ሁለታችንም ወደ ጎን ተንገዳገድን፤ ሳቅ ገደለን።

ይህን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ብቅ አሉ። ሚስቴ የሳቅ እንባዋን ስትጠርግ ገና አላየቻቸውም። አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉ ሲሉ መንገዱ መሃል ቆምኩባቸው።

"እንደምን ዋላችሁ!" አልኳቸው። "ይህቺ ባለቤቴ ናት። እባካችሁ ሰላም ሳትሏት እንዳታልፉ።"