ጋሽ በቀለና ባለሦስት እግሯ ትራንዚስተር

ድሬዳዋ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አንድ ገጥሞኛል። ጋሽ በቀለ ይባላል። ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ሲያወራ የሚጸልይ ነው የሚመስለው። ደግነቱ ሚስቱ እትዬ አልማዝ አለች። የሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለታለች።

ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ጋሽ በቀለ እኔው ራሴ እመርቃታለሁ፣ ሰውም ይሰማኛል አለና አሮጌ አምፕሊፋየሩን በባጃጅ ጭኖ ታይዋን ገበያ፣ እኔ ሱቅ መጣ። እኔ እንዲህ ያለውን ነው የምጠግነው። ሞከርነው። ድምፁ እየተቆራረጠ ሻካራ ሆኖ ይወጣል።

«አቦ፣ ይሄ ነገር የኔን ድምፅ በምን ጉልበት ነው የሚያሳድገው?» አለኝ። ለመስማት ጆሮዬን ላፉ ማስጠጋት ነበረብኝ።

ትራንዚስተሯን አሳየሁት። ሦስት እግር አላት። ድምፅህ ማይኩ ላይ ስስ ኤሌክትሪክ ይሆንና ቤዝ በሚባለው እግር ይገባል አልኩት (ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ቅር እንዳይላችሁ)። በሌሎቹ ሁለት፣ በኮሌክተርና በኤሚተር በኩል ደግሞ ከመብራቱ የመጣው ትልቁ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ትንሹ ትልቁን እንደ ቧንቧ ይከፍተዋል፣ ያጠበዋል። ቧንቧ የሚከፍት እጅ ውሃ ይሆናል እንዴ? ጉልበቱ ከመብራቱ ነው፤ ካንተ የሚመጣው የድምፁ መልክ ነው።

«ታዲያ ለምን ይቆራርጠኛል?»

ቧንቧዋ ማንም ሳያወራም ትንሽ ከፈት ብላ መጠበቅ አለባት አልኩት። የድምፅ ሞገድ ከፍም ዝቅም ይላላ። ጭራሽ ተዘግታ ከጠበቀች ከፍ የሚለውን ታሳልፍና ዝቅ የሚለውን ትቆርጠዋለች። ከፈት አድርጎ የሚያቆያት ሬዚስተር ተቃጥሎ ነበር፤ ቀየርኩት። ድምፁ ጠራ። ጋሽ በቀለም ሳቀ።

በሰርጉ ቀን ማይኩን ይዞ ቆመ። ውለዱ፣ ክበዱ አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰማው፤ እትዬ አልማዝ እንባዋን ጠረገች። ሲጨርስ ልጁን አቀፋት። ማይኩ ግን አሁንም እጁ ላይ ነው። በጆሮዋ ሹክ አላት፦

«ልጄ፣ ካልተመቸሽ ተመለሺ። ክፍልሽን ለማንም አላከራይም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ድንኳኑ ሰማ፤ መንገድ ላይ የቆሙት ባለባጃጆችም ሳይሰሙ አልቀሩም። ትራንዚስተር ምን ታድርግ? ምርቃት ከሹክሹክታ አትለይ፣ የገባላትን ነው የምታሳድገው። እኔ ማጥፊያው አጠገብ ቆሜ ማጥፋቱን ረሳሁት። እትዬ አልማዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሙሽራው አቀረቀረ። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሙሽራው አባት ዞረ።

ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ማይኩን ከጋሽ በቀለ ተቀበለ።

«እውነቱን ነው» አለ። «እኛ ቤት ግን ካልተመቻት የሚወጣው የኔ ልጅ ነው። እሷ ትቀመጣለች።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ አባቶች ተቃቀፉ።

በሳምንቱ እትዬ አልማዝ ሱቄ መጣች። ጋሽ በቀለ ከሰርጉ ወዲህ ያለ ማይክም ጮክ ብሎ ማውራት ጀምሯል። ስለ ወጡ፣ ስለ ዘመዶቿ፣ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ አለው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እሷ በተራዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«አቦ፣ የሚያሳንስስ ትራንዚስተር የለህም?»