የሻምበል ኸሊፋ ኮዳ

ስደተኛ በተሰበሰበበት ሰፈር ሁሉ አንድ ሻምበል አይጠፋም። ግንበኛ ሊጠፋ ይችላል፣ ፀጉር አስተካካይም ሊጠፋ ይችላል፤ ሻምበሉ ግን አለ። አገር ቤት ሳለ ማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው አብሮት ድንበር ስላልተሻገረ፣ ማዕረጉን በአፉ ይዞ ይገባል።

ለሐርጌሳው መሐመድ ሞጌ ሰፈር የደረሱት ሻምበል ኸሊፋ ናቸው። ከኮምቦልቻ መጥታ እዚያው ሰፈር ምግብ ቤት የከፈተችው ፈዲላ ዕድገታቸውን ደረጃ በደረጃ አይታለች። ሲመጡ አሥር አለቃ ነበሩ። የመጀመሪያው ረመዳን ሲፈታ ሃምሳ አለቃ ሆኑ። መቶ አለቃነት ላይ ብዙም አልቆዩም። ሻምበልነቱ የመጣው የጃማዕ የሕንፃ ዕቃ መደብር በር ላይ ጥበቃ ሆነው በተቀጠሩ ሰሞን ነው። ይህን ሁሉ ሹመት ያገኙት ከፈዲላ አግዳሚ ወንበር ሳይነሱ ነው። እስካሁን ሻለቃ ያልሆኑት፣ እሷ እንደምትለው፣ ትሕትና ይዟቸው ነው።

ሜዳልያዎቻቸው ሦስት ናቸው። ለዒድ፣ ለሠርግ፣ እንዲሁም አዲስ ሰው መጣ ሲባል ኮታቸው ላይ ይደረደራሉ። የአንደኛው ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ጥይት ነው የፋቀው ይላሉ። ሁለተኛው ላይ ችቦ አለ። ሦስተኛው ላይ ቁልጭ ያለ ብስክሌት አለ። አንድ ቀን ጃማዕ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፍቶ፣ ብስክሌቱ እዚያ ምን ይሠራል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የሜካናይዝድ ጦር ምልክት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱት።

ጃማዕ በዚህ ሊታለል የሚችል ሰው አይደለም። ድሬዳዋ ያደገ የሶማሌላንድ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ለነጻነት የሚታገሉትን ተዋጊዎች ተቀላቅሎ አንድ እግሩን በረሃ ጥሎ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰው በሐርጌሳ በየመንገዱ አለ፤ ሲያወራ ግን አይሰማም። ፈዲላ ምክንያቱን ጠይቃው ነበር።

"የተዋጋ ሰው የሚያወራው ስለ ምሳ ነው" አላት። "ምን በላን፣ ምን አጣን። ስለ ጀግንነት የሚያወራውን ግን ለጥበቃ ብትቀጥሪው ጥሩ ነው። ሌባው አያውቅማ።"

ሻምበሉ ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበራቸውም። ሻይ ቀዘቀዘ ያለ ሰው ካለ "ግንባርን ያላየ" ይላሉ። ሙቀቱ በረታ ቢባልም፣ ሩዙ ጨው አነሰው ቢባልም መልሳቸው ያው ነው። ቆፈር አድርጎ የጠየቃቸውን "ይኼ የሠራዊቱ ምስጢር ነው" ብለው ያሰናብቱታል። አንድ ዓመት በነጻነት ቀን ሰልፍ መንገድ ዳር ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጡ ዋሉ። ለሙዚቃ ጓዱ ሰጡ፣ ለተማሪዎቹ ሰጡ፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ስቶ ሰልፉ ውስጥ ለገባ የውሃ ቦቴም ሰጡ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋላቸው። ይህን ሲተርኩ የቦቴው ነገር ቀርቶ ጥሩምባው ብቻ ይወራል።

ፈዲላ ግን ሻምበሉን የምትወድበት የራሷ ጉዳይ ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ኢዘዲን በኤርትራው ጦርነት ቡሬ ግንባር ወድቆ ቀርቷል። መርዶው መጣ፤ ሬሳው አልመጣም። መሞቱን ከአላህ ነው ብላ ተቀብላለች። ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ መቅረቱን ግን መቀበል አቃታት። አንድ ቀን፣ ገበያ በቀዘቀዘበት ቀትር፣ ይህንኑ ለሻምበሉ ነገረቻቸው።

ሻምበሉ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ "ረጅሙ ኢዘዲን!" አሉ። አብረው ነበሩ፤ ከሊማውን፣ የእምነት ቃሉን፣ ብሎ ነው የሞተው፤ በእጃቸው፣ በኮዳቸው ውሃ አጥበው፣ ሰግደውበት ቀብረውታል። ፈዲላ ሻያቸውን ቀየረችላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የወንድሟን ሰደቃ በምታወጣበት ጁምዓ፣ ሰው በልቶ ሲጨርስ፣ ሻምበሉ ይህን ይተርካሉ። እሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

ዘንድሮ ኸይሩ መጣ። አየር ማረፊያው አካባቢ ብየዳ የሚሠራ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቡሬ ነበር። ይህንንም ያወቁት ስለ ጣቶቹ ሲጠይቁት ነው እንጂ እሱ አላወራም። ሻምበሉ ማውራት ሲጀምሩ ማንኪያውን ያስቀምጥና ሳህኑን ያያል።

በሰደቃው ቀን ግን ቀና አለ። የትኛው ክፍለ ጦር እንደነበሩ ጠየቃቸው። ምስጢር ነው ተባለ። የት እንደሠለጠኑ ጠየቃቸው። እሱም ምስጢር ነው። ይኼን ብስክሌት ማን ሸለመዎት ሲላቸው አንዱ ከጥግ፣ ጠላትን በፔዳል ነው ያሳደዱት አለና ቤቱ ሳቀ። ሻምበሉ ላብ ላብ አላቸው።

"የእትዬ ፈዲላን ወንድም በገዛ እጄ ያጠብኩ ሰው ነኝ" አሉ።

"በየትኛው ውሃ?" አለ ኸይሩ።

ሳቁ ቆመ።

"ቡሬ ውሃ በኮዳ ክዳን ተለክቶ ነበር የሚሰጠን። የሚሞተው ሰው ከንፈሩን ካረሰ ዕድለኛ ነው። በየትኛው ውሃ አጠቡት?"

ፈዲላ ጭልፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን ሻምበሉ ምስጢር ነው ካሉ ሰው ይስቃል፤ ሳቁም እሳቸው ላይ ብቻ አያርፍም። ኢዘዲን እንደገና ሳይታጠብ ሊቀር ነው።

"ኸይሩ" አለች። "የሰደቃ ምግብ ላይ ሰው አይመረመርም። ብላ።"

በሉ። የዚያን ቀን የተረከ የለም። ሻምበሉ ቀድመው ወጡ፤ ግቢው ውስጥ ቆመው ሜዳልያዎቹን አንድ በአንድ ሲፈቱ በመስኮት አየቻቸው።

ኸይሩ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዞር እሷ ዘንድ ቆመ። "እትዬ፣ እያታለሉሽ ነው። ሰውየው ግንባር አልረገጡም።"

"አውቃለሁ። ረጅሙ ኢዘዲን ነው ያሉኝ። ኢዘዲን እኔን እንኳ አይደርስም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ውሃ እያፈሰሰችለት ነበር። "ሌላ ያጠበው ሰው የምታውቅ ከሆነ ንገረኝ" አለችው። "ዛሬውኑ አባርራቸዋለሁ።"

ኸይሩ የጎደለውን እጁን አለቅልቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ ደረታቸው ባዶ ሆኖ መደብሩ በር ላይ ተቀመጡ። ግንባርን ያላየ የተባለ ሰው ጠፋ። ጃማዕ ክራንቹን እየጎተተ ፈዲላ ዘንድ ሊያማርር መጣ፤ ጠባቂዬ ዝም አለ፣ ሌባ ሊነቃብኝ ነው አላት። እሷም ምሳ ቋጥራ ሄደች። ሰደቃው ሳይተረክበት ጎደሎ መሆኑን ነግራቸው፣ ለጁምዓ ቀጥራቸው ተመለሰች።

መጡ። ኸይሩም እንደ ወትሮው ጥጉን ይዟል። ሻምበሉ በዝቅተኛ ድምፅ ጀመሩ። ከሊማውን ብሎ መሞቱን ተናገሩ። ውሃው ላይ ሲደርሱ ኸይሩን አዩና ቆሙ።

"ኮዳዬን ከፈትኩና…" አሉ፤ አልቀጠሉም።

ኸይሩ ከሳህኑ ቀና አላለም። "አንድ ኮዳ መች በቃ" አለ። "ከእኔም ጨመርን እንጂ።"

ቡሬ የነበረ ሰው የተናገረውን የሚጠይቅ አልተገኘም። ፈዲላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከድኖ የቆየውን ድስት ከፍታ መልሳ ከደነችው።

ሻምበሉ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። "ልክ ነው፣ ሃምሳ አለቃ" አሉት።

ኸይሩ ከጦሩ የወጣው በተራ ወታደርነት ነው። ሹመቱን ግን አልመለሰም።